የመቀነት ቁስል

ቀያሾች በወይዘሮ ትርንጎ ቤት ላይ ቀይ መስመር አስምረው በሄዱ ማግስት፣ ዘንዶዋ መቀነት ወገቧ ላይ በዚያው ልክ ቀልታ ተገኘች።

ወይዘሮ ትርንጎ አልጮኹም። ድሬዳዋ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሲሠሩ ስንቱን መርዶ አገናኝተዋል፤ በትንሽ ትልቁ የሚደነግጡ ሴት አይደሉም። መቀነት ደግሞ ከቤቱ ጋር የመጣች ናት። አማታቸው መሠረት ሲያስቆፍሩ እዚያው ተኝታ አገኟትና፣ ቦታው የእሷ ነው ብለው በጎን ግድግዳው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ክፍተት ትተውላት ሠሩ። ራሷን በጓሮው በኩል፣ ጅራቷን በመንገዱ በኩል አድርጋ ትተኛለች። ከዚያ ወዲህ ቤቱና ዘንዶዋ አንድ ገላ ናቸው።

አንድ ጥር ላይ ብርድ ገብቷት ከሰል ማንደጃው ላይ ተጠመጠመች፤ ሆዷ ተቃጠለ፣ የማድ ቤቱም ኖራ ውሃ ቋጥሮ ተነፋ። ወይዘሮ ትርንጎ እሷን ሲያነሡ የእጃቸው ጀርባ ላይ የቀረው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። የሰፈር ልጆች በኳስ መስኮት የሰበሩ ጊዜ ደግሞ አንድ ዓይኗን ሞራ ጋረደው፤ መስታወቱ ሲገባ ለቀቃት። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው አቶ ደምሰው በሕይወት ሳሉ ቤታቸውን ኖራ የሚቀቡት በለስላሳ ብሩሽ ነበር፣ እንዳይኮሰኩሳት።

መስመሩ ከመንገዱ ወደ ውስጥ አራት ሜትር ገብቷል። እዚያ ድረስ ያለው፣ አቶ ደምሰው ያረፉበት ክፍል ጭምር፣ ለመንገዱ ይፈርሳል፤ ማሽኑ ፋሲካ ባለፈ ሰኞ ይመጣል ተብሏል። ቤት ቢጎመድ ሰው በቀረው እንደ ምንም ተጠጋግቶ ይኖራል። ዘንዶ ግን ተጎምዳ አትኖርም። ወይዘሮ ትርንጎ የፈሩት ይህንኑ ነው፤ በጣም ፈሩ።

መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤታቸው እትዬ ዝማም ናቸው፤ ባዶ እጃቸውንም አልመጡም።

"ቅቤ ነው መድኃኒቷ" አሉ። "ቅቤ ያልሻረው ምን አለ?"

ሁለቱ ሴቶች ተጋግዘው ለጋ ቅቤ ቀቧት። በማግስቱ ግድግዳው መስመሩ ላይ አላበው። ጣት ሲያሳርፉበት ጭቃው ስርጉድ ይላል። የመቀነትም ቅርፊት ላልቶ መሽተት ጀመረ።

ዶክተር ኢክራም ተጠራች። ኢክራም የግመልና የፍየል ሐኪም ናት፤ ዘንዶ የምታክመው ለወዳጅ ብቻ ነው። የድሬ ልጅ ስለሆነች አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ወይዘሮ ትርንጎም ከእሷ አይጠብቁም።

"ቅቤ የቀባት ማነው?" አለች ገና ከበሩ።

እትዬ ዝማም ጣራውን አዩ።

ኢክራም መቀነትን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ በባትሪ ከአፏ እስከ ጅራቷ አየቻት፤ ቅርፊቷን እያነሣች ቅማልም ፈለገችባት።

"ቃጠሎ ቢሆን ውሃ ይቋጥር ነበር። አይጥ ቢሆን የጥርሱን ቀዳዳ ታዪው ነበር። እርጥበት የበላት ቢሆን ከሆዷ ነበር የሚጀምረው፣ ቡናማ ቡናማ እያለ። ይሄ ግን ዙሪያዋን ቀጥ ብሎ የዞረ ነው። ቁስል ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሽታው የቅቤያችሁ ነው፤ አየር ከልክሎ አፍኖባታል።"

"ግድግዳውን አይተሽዋል?"

ኢክራም ወጥታ ግድግዳውን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ተመለሰች።

"እሱም እንደዚያው ነው። ሁለቱንም ነው የምታክሚው።"

ሕክምናው ቀላል ነበር፤ ከባዱ አለመሰልቸቱ ነው። ቁስሉን ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፤ አዮዲኑን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥኖ መንካት፤ አፈርና ሰጋቱራ አንሥቶ ንጹሕ ጋዜጣ ላይ ማስተኛት፤ ጋዜጣው ሲርስ መለወጥ። ወይዘሮ ትርንጎ መቀነትን በጥጥ፣ ግድግዳውን በአቶ ደምሰው ብሩሽ ያክሙ ጀመር። ከግድግዳው ሥርም ጋዜጣ አነጠፉ። አላፊ አግዳሚው "ቤቱ እንዴት አደረ?" ይላቸዋል፤ "ዛሬ ይሻለዋል" ይላሉ።

ሽታው ጠፋ። ቁስሉ ደረቀ። ቀዩ መስመርም ዘንዶዋ ላይ ሲደበዝዝ ግድግዳው ላይም ደበዘዘ።

ቀያሹ ጥላዬ የቀለም ቆርቆሮውን ይዞ የተመለሰው በሆሳዕና ሰሞን ነው። ከደጋ የመጣ፣ አንገቱን ፀሐይ የላጠው ጨዋ ጎልማሳ ነው።

"እማማ፣ መስመሩን አጠቡት እንዴ?"

"አላጠብኩትም ልጄ። እየዳነ ነው።"

አስገብተው አሳዩት። ጥላዬ መቀነትን ሲያይ አንድ እግሩ ደጅ ቀረ።

"እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል" አሉ እትዬ ዝማም፤ "አንተ ገና እባቡን ማየትህ ነው። ግባ፣ አትበላህም።"

ገባ። ሜትሩን ዘርግቶ በመጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ መቀነትን ለካ። ልኩ አንድ ሆነ። ከዚያ የቀለም ቆርቆሮውን ከደነው።

"ቁስል ላይ ቀለም አልቀባም" አለ። ካርቶን ለምኖ፣ መስመሩን ካርቶኑ ላይ አሰመረና ግድግዳውን ሳይነካ አስደግፎ አቆመው። "ግን መስመሩ እንዳለ ነው እማማ። ማሽኑም ሰኞውን አይቀርም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ወይዘሮ ትርንጎ ይቅርታውን ተቀበሉት። ሌላ ሊሰጣቸው የሚችለው እንደሌለ አዩ።

ፋሲካ ሲቃረብ የመቀነት ዓይኖች ወተት ለበሱ። የቤቱም መስኮቶች ነጡ፤ ከውስጥ ሆኖ መንገዱን ማየት አልተቻለም። ኢክራም መጥታ ሁለቱንም አየች።

"ቆዳዋን ልትጥል ነው። ከቀናላት ቁስሉም አብሮ ይሄዳል። የሆዷ ጠባሳ ላይ ግን ሊጣበቅ ይችላል። ቢጣበቅ እንዳትጎትቺ፤ በእጅ ሲላጥ አዲሱም አብሮ ይነሣል። ውሃ ስጫት፣ ሻካራ ነገር አቅርቢላት፣ ጠብቂ።"

"ማሽኑስ?"

"ማሽን አላክምም።"

ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ጎረቤቱ ሁሉ ከጀሪካኑ እየቀነሰ ግድግዳና ጣራ አረጠበ። ጓሮው ከቤቱ ይበልጣል፤ ቤቱ ከቆዳው ሲወጣ እንዲሳብበት የዶሮውን ቆጥ አነሡ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈቱ። ቅርፊቱ የሻከረውን ትልቁን የኒም ዛፍ ብቻ ለመታከኪያ ተዉት።

ሰኞ ረፋድ ላይ ማሽኑ ጥግ ላይ ቆሞ ያጉረመርም ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል፣ አቶ ደምሰው ይተኙበት ከነበረው አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ መቀነት ጭናቸው ላይ ናት። ቆዳዋ ከከንፈሯ ተነሥቶ፣ እየተገለበጠ ወደ ኋላ ሄደ፤ ጠባሳው ላይ ሲደርስ ቆመ። ቤቱም ሲጥ አለ፣ ወደ ጓሮው ትንሽ ተነቃነቀ፣ ቆመ።

"ትርንጎ፣ ጫፉን ያዢና አንዴ ሳቢው!" አሉ እትዬ ዝማም ከደጅ። "መጡ እኮ! ቆርጠው ሊጥሏት ነው!"

የወይዘሮ ትርንጎ ጣቶች ቆዳው ላይ ነበሩ። ቀጭን ነው፤ ቢስቡት ይመጣል። የሞተሩ ድምፅ መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። መሳብ ፈለጉ፤ በሕይወታቸው ይህን ያህል የፈለጉት ነገር አልነበረም። ከዚያ ቅቤው ትዝ አላቸው።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉ ቀስ ብለው። ጠባሳዋ ላይ ለብ ያለ ውሃ ጠብ ጠብ አደረጉላት። እጃቸውን አንሥተው ጭናቸው ላይ አጣጠፉት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እጃቸው ግን አልተንቀሳቀሰም።

ደጅ ጥላዬ ሰዓቱን አየ።

"ምሳ ሰዓት ነው" አለው ለሹፌሩ። ገና ነበር።

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋና የማሽኑ ጥላ ሥር ተኛ። እትዬ ዝማምም ቤታቸው ሄደው ጋደም አሉ። በድሬ ቀትር ማንም ሥራ አይሠራም፤ ውሻውም ሻጩም ፍርድ ፈላጊውም ይተኛል። ወይዘሮ ትርንጎ ብቻ ነቅተው ተቀምጠው ሳለ፣ ባቡር ከጣቢያ ሲነሣ እንደሚያደርገው፣ ወለሉ በቀስታ ከሥራቸው ሄደ። የኒሙ ቅርፊት ግድግዳውን ሲፍቀው ሰሙ። ረዥም ጊዜ ፈቀው።

ከተማው ሲነቃ ቤቱ ጓሮው መጨረሻ፣ ኒሙን ተደግፎ ቆሟል። ግድግዳው መስመር የለበትም። መቀነት ደረጃው ላይ ተዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ወገቧ ያብለጨልጫል። ወይዘሮ ትርንጎ ወጥተው አጠገቧ ቆሙ። የእጃቸው ጀርባ ቀለላቸው። የማንደጃውን ጠባሳ ፈለጉ፤ የለም።

በድሮው ቦታ የቤቱ ቆዳ ቆሞ ቀርቷል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያሳልፋል፤ በርም፣ መስኮትም፣ ጣራም አለው። ቀዩ መስመር ጎኑ ላይ ነው። ጥላዬ ሜትሩን ዘረጋ።

"አራት ሜትር" አለ። "ልክ ነው።"

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ጥላዬ እጁን አነሣበት።

"ቆይ፣ ሰው አለ።"

ሄዶ በሩን በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። በሩ ተንሿሿ። ውስጥ፣ ስስ ወንበር ላይ፣ ስስ ወይዘሮ ትርንጎ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የማንደጃው ጠባሳ እጃቸው ላይ አለ፤ የከረመው ፍርሃት ሁሉ ፊታቸው ላይ ቀርቷል።

"እማማ፣ ይውጡ እንጂ፤ ደረስን" አለ ጥላዬ።

ከደቻቱ ወንዝ በኩል ነፋስ መጣ። ሴትዮዋ ለእንግዳ እንደሚደረገው ከወንበራቸው ብድግ አሉለት።

"በእግዜር፣ አይነሡ" አለ ጥላዬ ቆቡን አውልቆ።

ነፋሱ አለፈ። ሴትዮዋ ተመልሰው ተቀመጡ፤ እጃቸውንም ጭናቸው ላይ አጣጠፉ።