ከርቤ በሰው ገላ ላይ

ሂባቅ የተቀባችውን የእጅ አንጓ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። ሰዓዳ እንዳላየች ሆና የጠርሙሱን አፍ በጨርቅ ጠረገች።

"መረረብኝ" አለች ሂባቅ። "ሰዓዳዬ፣ አትቀየሚኝና ይሄ የሙሽራ ሽታ አይደለም።"

ሂባቅ ጅጅጋ ያደገች ልጅ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ነገር አያድርም። ኮድቡር ሰፈር፣ ሰዓዳ ቤት ድረስ የመጣችው ዓርብ ለሚታሰረው ኒካዋ የከርቤ ሽቶ ፈልጋ ነው። ለሰዓዳ ባሏ ዳሂር ከሞተ ወዲህ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራ ነበር። ይሄ ከተበላሸ ሌላ ሙሽራ ደጇን እንደማትረግጥ ታውቃለች፤ በዚህ ከተማ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

ከርቤ አስቸጋሪ ነው። የዛፉን ሙጫ ወቅጠው በሰሊጥ ዘይት ለሳምንታት ቢዘፈዝፉትም፣ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሽታና ሰው ገላ ላይ የሚወጣው አይገናኙም። የሰዓዳ መሞከሪያ የዳሂር ክንድ ነበር። ከሥራ ሲገባ ሳይታጠብ ይዘረጋላታል፤ ቀብታው እራት በልተው እስኪነሱ እየደጋገመች ታሸተዋለች። ይሄንንም ጠርሙስ "አሁን ሆነ፤ እንዳትነኪው" ያላት እሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓዳ ዒዳ ላይ ናት። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን እስክትጨርስ ሽቶ አትቀባም፤ ስለዚህ በራሷ ገላ አልሞከረችውም። ደግሞስ ለምን ትሞክረው፤ ዳሂር "አሁን ሆነ" ብሏት የለ? የቤቱ ዝምታ ሲከብዳት ጠርሙሱን ከፍታ ታሸት ነበር። እሱ ግን እዚያ ውስጥ አልነበረም።

አሁን ገባት። እስከ ዛሬ ሽቶ ስታስተካክል የኖረችው ለአንድ ሰው ገላ ብቻ ነው።

"የጽጌረዳ ዘይት ብትጨምሪበትስ?" አለች ሂባቅ።

"የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። ሌላ ልዘፍዝፍ ብል ለዓርብ አይደርስም።"

"እዚሁ ላይ ጨምሪዋ።"

"እንዳትነኪው ብሎኛል።"

ሂባቅ ማን እንዳላት አወቀች። ቀስ ብላ አላህ ይርሐመው አለችና ሻሿን አስተካክላ ተነሳች። ግድ የለም፣ ዋሄን ገበያ ወርጄ የዱባይ ሽቶ እገዛለሁ አለቻት፤ ቅያሜ አልነበረባትም። በሩ ጋ ደርሳ ጫማዋን በእግሯ ትፈልግ ጀመር። ሰዓዳ ፈራች። ልጅቷ ከወጣች ከዚያ ጠርሙስ ጋር ብቻዋን ልትቀር ነው፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም።

"ሂባቅ፣ ተመለሺ" አለቻት። "ያኛውን እጅሽን ስጪኝ።"

ሂባቅ ተመልሳ ተቀመጠችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ሰዓዳ የጽጌረዳውን ዘይት አንስታ ዳሂር እንዳትነኪው ያላት ጠርሙስ ውስጥ ጨመረች።