ገመዱን ልቀቂ

የወደቡ ሥራ ከተከለከልኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ይከልክሉኝ። እኔ ጽሑፍ ጽፌ የምኖር ሴት ነኝ፤ የሱቅ ሰሌዳ፣ የጭነት መኪና በር፣ የሐኪም ቤት መንገድ ጠቋሚ ቀስት፣ የመቃብር ድንጋይ ሳይቀር እጄ ያላረፈበት የለም። በከተማችን አንድ ሰው ቀና ብሎ ካነበበ፣ ከሁለት አንዴ የሚያነበው የእኔን እጅ ነው። ስለዚህ ወደቡ ቢቀርብኝ ጦሜን አላድርም። የተጣላነው በሁለት ፊደል ነው፤ ዛሬም ቢሆን ስለ ሁለቱ ፊደላት ሳወራ ደሜ ይፈላል።

የመርከብ መጠበቂያው አዳራሽ ታድሶ ሊመረቅ አምስት ቀን ሲቀረው የወደቡ ሥራ አስኪያጅ አስጠራኝ። ሰውየው ወጣት ነው፤ ለጨዋነቱ ግን ወደር የለውም። ዘበኛውንም፣ ቲኬት ቆራጯንም፣ እኔንም «እርስዎ» ነው የሚለን። ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃ አስቀዳልኝ፣ ከዚያ አንድ የታተመ ወረቀት ሰጠኝ። ከመግቢያው በር ፊት ለፊት ባለው ረጅም ግድግዳ ላይ፣ በሰማያዊ መደብ በነጭ ቀለም፣ የመርከቦቹ ዘፈን ይጻፍ ተብሏል።

ያንን ዘፈን የማያውቅ ሰው እኛ ዘንድ አይገኝም። ልጆች ገመድ ሲዘሉ ይሉታል፤ ጎረምሳ ዕቃ ሲያነሳ ያንጎራጉረዋል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

ሐይቁ ሲነሣሣ ነፋስ ነው አዋቂ፤
ደወሉ ሳይደገም ገመዱን ልቀቅ።
ማዶ ለማዶ ነው የሰው ወጪ ገቢ፤
መድረሻው ቀረበ በእርጋታ ሳብ።

ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል «የሕዝብ ዘፈን፤ ገጣሚው አይታወቅም» ይላል።

«ቤት አይመታም እኮ» አልኩት። «አዋቂ ብሎ ልቀቅ፣ ገቢ ብሎ ሳብ ምን ዓይነት ግጥም ነው?»

«የሕዝብ አይደል?» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ሸካራነቱ ነው ውበቱ። እርስዎ ብቻ እንዳለ ይጻፉልን።»

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። ያረጀው ጉልበቷ ነው እንጂ ምላሷስ ገና ልጃገረድ ናት። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ደስ ይላታል ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን አንድ ክንዱ ስለተሰበረ በእጇ ደግፋ አነበበችው።

«ልቀቅ?» አለች። «ማነው ደግሞ ይሄ ሰውዬ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ልቀቅ የሚባለው ነዋ! እኛ መርከብ ላይ ከካፒቴኑና ከሞተሩ ሰውዬ በቀር ወንድ አልነበረም። እነሱ ደግሞ ገመድ አይነኩም፤ እጃቸው ይላጣላ!»

ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተቀየረና ምስሩ ተበተነ። ለመልቀም ጎንበስ አልኩ። ቀና ብዬ ሳያት ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመዳፏ ትደባብሰዋለች።

«ጉጠት ሞታም አላረፈች» አለች። «ወንድ አደረጓት።»

ጉጠት የእናቴ የሥራ ጓደኛ ነበረች። አንዴ የጨበጠችውን ስለማትለቅ ነው ስሙ የወጣላት። ሁለቱም መርከቧ ላይ በጽዳት ነበር የተቀጠሩት። ታዲያ ከማዶ መንገድ ይሠራ ጀመርና ገመድ ሠራተኞቹ ወንዶች ባንድ ሳምንት ጥለው ወደዚያ ሄዱ። መርከቧ ልትቆም ሆነ። ካፒቴኑ ግራ ሲገባው መጥረጊያ የያዙትን ሁለት ሴቶች አየና፣ «እስቲ ሞክሩት» አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሞከሩት።

ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። እናቴ ገመድ ትይዝ እንደነበር እንዴት አላውቅ፣ እዚያው አይደል ያደግኩት! ዘፈኑን ያወጡት እነሱ መሆናቸውን ግን ነግራኝ አታውቅም፤ ወይም ነግራኝ አልሰማኋትም።

«ሞተሩ ሲጮህ ሰው አያሰማማም» አለችኝ። «እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። መጀመሪያ ጊዜ ልቀቂ ብዬ ብጮህ፣ ብጮህ አትሰማም። ገመዱ ተወጥሮ ምሰሶውን ነቅሎት ሊሄድ! ዜማ ግን የሞተሩን ድምፅ አልፎ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ግን ይሄዳል። ስለዚህ መነሻውን እኔ ገጠምኩ፤ መድረሻውን እሷ ገጠመች። እኔ ልቀቂ ስላት ትለቃለች፤ ማዶ ስንደርስ እሷ ሳቢ ስትለኝ እስባለሁ። ዘፈን አትበይው፤ ትእዛዝ ነው። ልቀቅ ብላት ኖሮ መርከቧ እስከ ዛሬ እንደታሰረች ትቀር ነበር።»

ያኔ ሁሉም ነገር መጣብኝ። የምተኛው በሕይወት አድን ጃኬቶች ሣጥን ላይ ነበር። ናፍጣና እርጥብ ገመድ ይሸተኛል። የእናቴ መዳፍ ከመሻከሩ የተነሣ ፊቴን ስታጥበኝ አለቅሳለሁ፤ ጉጠት ደግሞ «በቀስታ፣ ልጅ ናት እንጂ ድስት አይደለችም!» ትላታለች። ሰዓት ማንበብ ሳልችል ሰዓት የማውቀው በእነሱ ነበር። ከፊት ቀጭኗ ድምፅ «ልቀቂ» ካለች ከተማው እየራቀ ነው፤ ዓይኔን እንኳ አልገልጥም። ከኋላ ወፍራሟ ድምፅ «ሳቢ» ካለች ማዶ ደርሰናል፤ ጫማዬን እፈልጋለሁ። ተሳፋሪው ይቀበላቸዋል፣ ያጨበጭባል፣ የዶሮ ነጋዴዎቹ ሳይቀሩ አብረው ይላሉ። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

በኋላ መንገዱ አለቀና ወንዶቹ ተመለሱ። እናቴና ጉጠት መጥረጊያቸው ተመለሰላቸው። ዘፈኑን ግን ወንዶቹ ወሰዱት፤ የወደቡ የኪነት ቡድን «ልቀቅ»፣ «ሳብ» እያለ በሬዲዮ ዘፈነው። በዚያው ቀረ።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ የሙዚቃ አስተማሪያችን ዘፈኑን አስጠናን። ማታ እናቴ ልብስ እያጠበች «ልቀቂ» ስትል ሰማኋትና ጎረቤቶች ፊት፣ «እማ፣ ተሳስተሻል፤ ልቀቅ ነው የሚባለው» አልኳት። ጎረቤቶቹ ሳቁ። እናቴ «እሺ የኔ አስተማሪ» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስታንጎራጉር እንጂ ቃሉን ስትለው አልሰማኋትም። ሬዲዮው ስህተቱን ለአገር አዳረሰ፤ ትክክለኛውን ቃል ከእናቴ አፍ የነጠቅኩት ግን እኔ ነኝ።

«አስተካክዬ እጽፈዋለሁ» አልኳት።

«ተይ» አለችኝ። «ሥራሽን እንዳታጪ። እኔ እንደሆነ ሁለት ፊደል አይጨምርልኝም፣ አይቀንስልኝም።»

ውሸቷን ነው። እጇ አሁንም ወረቀቱን እየደባበሰ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁና አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። በጥሞና አዳመጠኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ጠርዙ የተበላ መዝገብ አውርዶ ገለጠልኝ።

«ይቅርታዎን፣ የዚያ ዘመን የሠራተኛ መዝገብ ይኸውልዎ። ገመድ ሠራተኛ የተባለች ሴት የለችም። እናትዎ ያሉት በጽዳት ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መርከብ የታሰረው በመጥረጊያ ነው እንዴ?»

«እኔ መዝገቡ የሚለውን ነው የምልዎት።»

«መዝገቡን የጻፈው ሰው ገመድ ይዞ ያውቃል? እጁን አሳየኝና ልመን።»

ተነፈሰ። «ቢሆንስ? ወረቀቱ በኮሚቴ ጸድቋል። ደግሞ ሁለት ፊደል ናት፤ ለሁለት ፊደል ይሄን ያህል ይቆጣሉ?»

«ሁለት ፊደል ብቻ ከሆነች እናንተስ ለምን አትተዉልኝም?»

ጨዋነቱ አሁንም አልተለየውም። «እንዳለ የማይጽፉልን ከሆነ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለኝና በሩን ራሱ ከፈተልኝ።

«እጽፋለሁ» አልኩት። ምን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ሦስት ቀን መሰላል ላይ ዋልኩ። መስመር አሰመርኩ፣ ፊደሉን በእርሳስ ነደፍኩ፣ በዘይት ቀለም ሞላሁት። ሁለት ቦታ ብቻ ባዶ ተውኩ፦ «ልቀ» ብዬ አንድ፣ «ሳ» ብዬ አንድ። ሥራ አስኪያጁ ሲያልፍ ቀና ይልና «ሁለት ቀረዎት» ይለኛል። «ይደርሳል» እለዋለሁ። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ግን ፈራሁ። ወደቡ ትልቅ ደንበኛዬ ነው፤ አንድ ሰው «እሷ የታዘዘችውን አትጽፍም» ካለ ወሬው የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። ሳድሱን፣ ቅንና ብን፣ አስቀምጬ ልውጣ ይሆን ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ ነበር። እናቴ ነገሩን አላነሳችብኝም። አለማንሳቷ ነው የባሰብኝ።

ከምረቃው በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ሳትነግረኝ በምርኩዟ መጣች። ቲኬት መቁረጫው መስኮት አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አዳራሹ የማዶውን መርከብ በሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ሰላም አላለችኝም፤ ግድግዳውን ብቻ አየች። ባዶ የተውኳቸውን ሁለት ቦታዎች እንዳየች ከፊቷ ገባኝ፤ ያን ዕለት ወረቀቱን እንደደባበሰችው ጉልበቷን በመዳፏ መደባበስ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ማሰብ አላስፈለገኝም። ብሩሼን ነክሬ «ቀ»ን ከጎኗ ደገምኳትና እግሯ ላይ አንዲት አጭር ጭረት ጨመርኩ። ቂ።

ከሥሬ አንድ ሻንጣ የያዘ ሽማግሌ ጮክ ብሎ አነበበ። «ነፋስ ነው አዋቂ... ገመዱን ልቀቂ» አለ። ከዚያ ጎኑ ያለችውን ሴት በክርኑ ነካ አደረጋት። «ቤት መታ እኮ! ይሄ ዘፈን ለካ ቤት ይመታል!»

ወሬው ቢሮ ለመድረስ ደቂቃ አልፈጀበትም። ሥራ አስኪያጁ ነገ ለምረቃው የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ እየለካ ነበር መሰለኝ፣ እጅጌው ላይ የሱቁ ምልክት እንደተሰፋ መጣ።

«ይቅርታ፣ ተሳስተዋል» አለኝ ከታች።

«አልተሳሳትኩም።»

«እባክዎ ሳይደርቅ ያጥፉት።»

«አላጠፋም።»

«እንግዲያው ይውረዱልኝ፤ ሌላ ሰው ይጨርሰዋል።»

«አንድ ፊደል ነው የቀረኝ። እሷን ሳልጽፍ አልወርድም።»

ሰዎች ተሰበሰቡ። የአሁኖቹ የገመድ ሠራተኞች ከውጭ ገብተው በሩ ላይ ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን አየ፤ የሚያየው ሰው በበዛ ቁጥር ፊቱ ቀላ። መሰላሉን ሁለት ደረጃ ወጣና የብሩሼን እጀታ ያዘ። እኔም ያዝኩ። እሱ ይስባል፣ እኔ እስባለሁ፤ ነጩ ቀለም በአዲሱ እጅጌው ላይ ተንጠባጠበ። ቀለሙን ሲያይ ያ ሁሉ እርስዎ፣ ያ ሁሉ እባክዎ፣ ያ ሁሉ ይቅርታ ባንዴ ከአፉ ጠፋ።

«ልቀቂ!» ብሎ ጮኸ። «ልቀቂ እልሻለሁ!»

 መጀመሪያ የሳቀችው ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ቲኬት ቆራጭ ናት። ቀጥሎ ሽማግሌው ሳቀ፤ ከዚያ የገመድ ሠራተኞቹ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ። ሥራ አስኪያጁ የተናገረው ለራሱ ጆሮ የደረሰው ያኔ ነው። ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ኩም አለ።

እናቴ ምርኩዟን ተደግፋ ከአግዳሚው ተነሣች።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አለችው። «እንዲህ ነው የሚባለው። ሴትን ልታዝ ስትነሣ አፍህ መች ጠፋው?»

እጁ ከብሩሹ ላይ ወደቀ። ከመሰላሉ ወረደና እጅጌውን ይዞ መሃላችን ቆመ። እናቴ ዳግመኛ አላየችውም። ዓይኗን ወደ እኔ አዞረችና መርከቧ ላይ ትጮህበት በነበረው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ባልሰማሁት ድምፅ ጮኸችብኝ።

«አንቺ ደግሞ ምን ተገትረሻል? ጻፊ!»

ጻፍኩ።