የኒቬስ አሜሪካዊት

«ልጄን ወሰድሽ አይደል? ውሰጃት! አንሶላዋንም ጨምሬ ነው የምሰጥሽ!»

ኒቬስ ነበረች፤ ከደረጃው ማዶ ያለችው ጎረቤቴ። እኔ ደጃፌ ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ ካቻቢቴ ይዤ፣ የሻንጣ ጎማ እፈታለሁ። ሻንጣው ኒቬስ ቤት የምታድረው የአሜሪካዊቷ ተማሪ የሜሬዲት ነው። ጎማው ቢሰበርባት ጠዋት ወደ ትምህርቷ ስትሮጥ «ዲርቼ፣ እባክሽን» ብላ ጥላልኝ ሄደች። ሃያ አምስት ዓመት የማሸጊያ ማሽን ፋብሪካ ስለሠራሁ፣ በግቢያችን የላላ ብሎን ሁሉ መድረሻው እኔ ጋ ነው።

«ጎማው ተሰብሮ ነው» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል። አላልኩም።

ለምን እንዳላልኩ የሚገባው የኒቬስን ፍሪጅ ላየ ሰው ነው። እዚህ ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ማዕከል አለው። ልጆቹ እየመጡ ግማሽ ዓመት ይማራሉ፤ የሚያድሩትና የሚበሉት ግን እኛው ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው። ለኒቬስ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ ልጅ ይሰጣታል። የሁሉም ፎቶ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ አንዷማ ሙሽራ ሆና ነው። እኔ ሦስት ጊዜ አመልክቼ፣ ሦስቴም «ክፍልዎ ጠባብ ነው» ተብያለሁ። ስለዚህ የእሷን ልጆች ያሳደግኳቸው በግድግዳ በኩል ነው፤ ሲስቁ፣ ሲያስነጥሱ፣ «ማማ ኒቬስ» ሲሉ እየሰማሁ። ማማ! ወልዳ የማታውቅ ሴት! እኔም አልወለድኩም፤ ግን ማንም ማማ ብሎኝ አያውቅም።

ሜሬዲት ስትመጣ ግን ነገር ተለወጠ። በየማክሰኞው እኔ ጋ ብቅ ማለት ጀመረች። ጥፋቱ የኒቬስ የራሷ ነው፤ የሊጥ መዳመጫዋን ሰው አታስነካም። ልጅቷ ፓስታ መዳመጥ አማራት፤ እኔ ጠረጴዛዬን ለቀቅኩላት። እንቁላሉን ብታፈሰው፣ ሊጡን ብትቀደው፣ እስቃለሁ እንጂ አልቆጣም።

ትናንት እራት ላይ ታዲያ ይቺ የዋህ ምን ብትላት ጥሩ ነው?

«ማማ ኒቬስ፣ ከአንቺ ይልቅ የዲርቼ ሊጥ ይሳሳል።»

በእኛ ከተማ ሊጥ በደንብ ተዳምጦ ወደ መስኮት ሲነሳ፣ ከማዶ ኮረብታው ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን በውስጡ መታየት አለባት ይባላል። በዚህ ነገር ምራትና አማት ዓመት ተኳርፈዋል። ለቤት እመቤት «የጎረቤትሽ ይሳሳል» ማለት «ቤትሽን ለቅቄያለሁ» ከማለት አያንስም። አሜሪካዊቷ ይህን ከየት ታውቀዋለች? ኒቬስ የልጅቷን ቃል በሆዷ ይዛ አደረች፤ ጠዋት ስትወጣ ደግሞ ሻንጣውን ከእኔ ደጃፍ አገኘችው። ሁለቱን ደምራ፣ ልጅቷ ወደ እኔ ተዛውራለች አለች።

«ምናለ ፊት ለፊት ብትነግሪኝ?» አለችኝ።

«ምን ልበልሽ?» አልኳት፣ ብሎኑን ኪሴ እየከተትኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝና ደስ ብሎኝ ነበር። ስንት ዓመት እኔ የእሷን በር ሳይ ኖሬ፣ ዛሬ እሷ የእኔን ታየዋለች!

በሯን ድርግም አድርጋ ገባች፤ ወዲያው ስልክ ስትደውል ሰማኋት። «ማዕከሉ ነው? እኔ በቃኝ! ለዲርቼ ስጧት!»

ቀትር ሳይደርስ፣ ከማዕከሉ ለልጆቹ ቤተሰብ የምትመድበው ሲኞራ ሎሬታ ፎርሟን ታቅፋ መጣች። ጠባብ የተባለችውን ክፍሌን ዞር ዞር ብላ አየቻት።

«ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ቢጠጋ ይበቃል» አለች።

ሦስት ጊዜ ያልበቃ ክፍል!

«እዚህ ጋ ይፈርሙ። ሲኞራ ኒቬስ ግን ከዝርዝራችን ይወጣሉ። ልጅን በመሀል የለቀቀ ቤት ሁለተኛ አይሰጠውም፤ ደንብ ነው።»

ብዕሩን ተቀበልኩ። በልቤማ ፍሪጄ ላይ ፎቶ ለጥፌ ጨርሻለሁ።

በሩ ተንኳኳ። ኒቬስ ናት፤ ተተኩሶ የታጠፈ አንሶላ ይዛለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፀጉሯ ግን ተበጥሯል። ኒቬስ ተሸንፋም ቢሆን ሳትበጠር አትወጣም።

«ከፍ ያለ ትራስ አትወድም» አለች፣ ወለሉን እያየች። «ወተት ሆዷን ይነፋታል። ፈተና ሲደርስ እህል አትቀምስም፤ አታስገድጃት። ፖም ልጠሽ አጠገቧ አስቀምጪና ሂጂ፤ ሳታውቀው ትበላዋለች።»

እኔ ስለ ወተቱ አላውቅም ነበር። ይሄ ከፎቶዎቹ ሁሉ የበለጠ አንገበገበኝ። እኔ ማክሰኞን ነበር የማውቀው፤ እሷ ሌላውን ቀን ሁሉ።

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ልጅቷ የትም አልሄደችም» አልኩ። «ሻንጣዋ ተሰብሮ እንዳበጅላት ነው የሰጠችኝ። ማታ የምትመለሰው ወደ አንቺ ነው።»

ሎሬታ መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገሯቸውም?»

ጠዋት ኪሴ የከተትኩትን ብሎን አውጥቼ ፎርሙ ላይ አኖርኩት።

«ቀንቼ ነው» አልኩ። «ኒቬስ፣ ይኸው ሰው ፊት ልንገርሽ፤ በአንቺ እቀናለሁ።»

ኒቬስ አንሶላውን መልሳ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከእግር እስከ ራስ አየችኝ።

«አዲስ ነገር ካለሽ እሱን ንገሪኝ» አለች።