ያውስን ቤቱ ያደረሰችው ፒካፕ

ካፓሉ ወንድሙን ሲያስታምም ሰንብቶ እንቅልፍ ከራቀው ቆይቷል። ዛሬ ደግሞ የዚያኑ ወንድሙን፣ የያውስን ሬሳ በፒካፑ ጭኖ ከሌናኬል ሆስፒታል ከደሴቲቱ እሳተ ገሞራ ማዶ ወዳለው መንደራቸው ይነዳል። ጋቢና ውስጥ የያውስ ሚስት ናኩ አጠገቡ ተቀምጣለች። ዘመዶች ኋላ የሬሳ ሳጥኑን ከበዋል።

እሳተ ገሞራው የተፋውን የአመድ ሜዳ ጨርሰው ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ማርሽ ሊቀንስ ፍሪሲዮን ረገጠ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። መኪናዋ ተንገጫግጫ ጠፋች። ወርዶ ከሥር ቢያይ የፍሪሲዮኑን ዘይት የሚይዘው የታችኛው ፖምፕ ጎሚኒ ተበልቶ ዘይቱ አመዱ ላይ ፈሷል።

"ምን ሆነች?" አለች ናኩ።

"ፍሪሲዮኑ ሞ..." ብሎ ቃሉን ዋጠው። "ፔዳሉን ስረግጥ ዘይቱ ሹካውን ይገፋል፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ያኔ ሸራው ሞተሩን ይለቃል። አሁን ዘይት የለም፤ ሞተሩና ጎማው እንደተያያዙ ናቸው። እዚህ ሜዳው ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ በሞተሪኖ አስነሳታለሁ። ዳገቱ ላይ ከቆምኩ ግን ሞተሪኖው ሽቅብ አይጎትታትም፤ አለቀ።"

ናኩ ሽቅብ አየች። የየመንደሩ ሰው ሊያለቅስ አበባና ሰሌን ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል።

"ሳንቆም ልናልፋቸው? ያውስን ያሳደጉት ሰዎች እኮ ናቸው።"

"እትዬ፣ ምን ላድርግ? ደክሞኛል።"

"እኔስ አልደከመኝም?" ዳገቱን በዓይኗ ለካችው። "በአንደኛ ማርሽ ምን ያህል ትሮጣለች?"

"በሰው እርምጃ ነው።"

"እንግዲያው ንዳ።" ወርዳ ቀድማ መራመድ ጀመረች። ካፓሉ ገብቶ መኪናዋን አስነሳና ተከተላት።

የመጀመሪያዎቹ ለቀስተኞች መኪናዋ ሳትቆም ስትመጣ ተቆጡ። "ምን ያጣድፋችኋል? ሬሳው እንዳያመልጣችሁ ነው?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"ፍሪሲዮን የላትም፣ አባባ! እጅዎን ሳጥኑ ላይ ያድርጉና እየሄዱ ያልቅሱ!" አለች ናኩ ከፊት።

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው እያለቀሱ ተከተሉ። ሌላውም ተከተለ። ዳገቱ ሲብስና ሞተሩ ሲያቃስት፣ ማንም ሳያዛቸው መኪናዋን ከኋላ ይገፉ ጀመር። ካፓሉ መሪውን ጨብጦ ዓይኑን መግለጥ እንኳ ከበደው፤ ለቅሶው ግን ከኋላው አልተቋረጠም።

መንደሩ ሲደርሱ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ተርገፍግፋ ጠፋች። ወንዶቹ ሳጥኑን ተሸክመው ሄዱ።

"አትወርድም?" አለች ናኩ በመስኮቱ።

"እግሬ እምቢ አለኝ።"

በሩን ከፍታ ገባችና አጠገቡ ተቀመጠች። "ትንሽ ይጠብቁን" አለች። ያን ጊዜ ነው ሁለቱም ማልቀስ የቻሉት።