የግራጫው ሱሪ ወገብ

ሰው ሁሉ ሲለካ ሆዱን ያስገባል። ልብስ ሰፊው ይህን ሲያይ ነው ያረጀው። ሜትሩ ወገባቸው ላይ ሲያርፍ ዳኛውም፣ ሹፌሩም፣ ሙሽራውም ትንፋሻቸውን ይዘው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እሱ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ በትዕግሥት ይጠብቃቸዋል። «ይተንፍሱ እንጂ ጌታዬ! እኔን ቢሸውዱኝ ሱሪውን አይሸውዱትም» ይላል።

የራሱን ወገብ ግን የሚለካለት አልነበረም። ሱቁን በከፈተበት ሰሞን ለራሱ የሰፋው አንድ ግራጫ የሱፍ ሱሪ አለው። «ይኸው እስከ ዛሬ ልክክ ይልልኛል፤ አንዲት ጣት አልጨመርኩም» እያለ፣ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባውን ሆዱን መታ መታ ያደርጋል። ደንበኞቹ ይተያያሉ እንጂ ደፍሮ የሚናገር የለም። እዚያው ሱቅ ጥግ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክለውና ጥገና የምትሠራው ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። የኋላ ስፌቱን እየተረተረች ሱሪውን በየጊዜው የምታሰፋለት እሷ ነበረች። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሱ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ማወቅ አልፈለገም።

አንድ ቀን የጨርቅ ቤቱን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ አጥሮት መሀል ላይ ቁጭ አለ። ሰዎች ደግፈው ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ፣ ደሙን አስመርምራ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ልብዎ ደክሟል። ጨዉን፣ ስኳሩን፣ ቅባቱን ይቀንሱ፤ በእግርዎ ይሂዱ። ይሄ ሆድ ካልጎደለ መድኃኒቱ ብቻውን ብዙ አያዘልቅዎትም። እስቲ ሚዛኑ ላይ ይውጡልኝ።»

«ሚዛንማ ለሽንኩርት ነው፣ ልጄ» አላት። «ሱሪዬ ሲሰፋኝ እኔው መጥቼ እነግርሻለሁ።»

እሷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን የምሩን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከጨርቅ በቀር ያመነው ምስክር የለም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጣ። ጉሙ ገና እንዳልተቆረጠ ገበር መንገዱ ላይ ተዘርግቷል። የመብራት ምሰሶዎቹ አናታቸው ብቻ ይታያል። ከዳቦ ቤቱ የሚወጣው ሽታ እስከ መታጠፊያው ድረስ እየተከተለ ለመነው፤ ለአፍንጫውም ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አለፈ። የመንገድ ጠራጊዎቹ መጥረጊያ ይንሾካሾካል፣ እነሱ ግን የሉም። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ብረቱን ተደግፎ ቆመ። ከሥር ውሃው ይሰማል፤ የት እንዳለ አይታይም። ገላውን ሚስቱ ጎን እንደተኛ ትቶት ጫማው ብቻ እዚያ ድረስ የመጣ መሰለው። ደስ አለው፤ ምክንያት የሌለው፣ የልጅነት ደስታ።

ከዚያ ወዲያ ማለዳው ሱስ ሆነበት። ጨው የሌለውን የአትክልት ሾርባ እየረገመ ጠጣ፤ ስኳር የሌለውን ሻይ ፊቱን እያጨማደደ ለመደ። ድልድዩም ከቀን ወደ ቀን እየቀረበ መጣ። አንዳንዴ ዓይኑን ጨፍኖ የሄደ ይመስል፣ እንዴት እንደደረሰ ሳያውቅ ብረቱ እጁ ውስጥ ይገባል። ሚስቱ ሾርባውን እየቀዳች ታየዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ወዝህ ጠፋ እኮ፣ አንተ ሰው» አለችው።

በሥራ ቀን የሚለብሰው ወገቡ ላስቲክ የሆነውን ስለሆነ፣ ምስክሩ የእሁዱ ግራጫ ሱሪ ብቻ ነበር። እሁድ በመጣ ቁጥር ልቡ እየመታ ይቆልፈዋል። ልክክ! እንደ ድሮው። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፣ ሱሪው ንቅንቅ አላለም። ደንበኞች «ሆድዎ ጎደለ» ሲሉት ሊያጽናኑት መሰለው። ያንን የጨርቅ ቤቱን ደረጃ አሁን ሳያርፍ እንደሚወጣው እንኳ ልብ አላለም። የሐኪሟ ቃል ብቻ ትዝ ይለው ጀመር። ፈራ። መሞትን ፈራ፤ ከሁሉ ይልቅ ያቺን ጥግ ላይ የምትስቅ ሴት ብቻዋን መተው ፈራ።

አንድ እሁድ ማለዳ ጭራሽ አልወጣም። አልጋው ጫፍ ላይ ሱሪውን ታቅፎ ተቀመጠ። ፀሐይ በመስኮቱ ገባች። ሱሪውን ከፍ ሲያደርገው ብርሃኑ በወገቡ በኩል ሾልኮ እጁ ላይ ነጠብጣብ ጣለበት። የመርፌ ቀዳዳ ነው። ገልብጦ አየው። አሮጌዎቹ የስፌት መስመሮች ወደ ውጭ፣ ወደ ውጭ ሄደዋል፤ ይህንንስ ድሮም ሆዱ ያውቀዋል። ከዚያ ግን ስፌቱ ይመለሳል። ወደ ውስጥ፣ አሁንም ወደ ውስጥ። የመጨረሻው ክር ገና አዲስ ነው።

«አንቺ ሴት!» ብሎ ተጣራ።

ከወጥ ቤት እጇን እያደራረቀች መጣች። ሱሪውን እጁ ላይ ስታይ በሩ ላይ ቆመች።

«ማን ነው ያጠበበው?»

«ማን ይነካዋል ከኔ ሌላ?»

«ለምን? ምን በደልኩሽ?»

አልጋው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባቴ ሊሞት ሲል መጀመሪያ የሰፋው ሱሪው ነው» አለች። «ቀበቶውን በምስማር እየበሳሁ የማጠብብለት እኔ ነበርኩ፤ ልጅ ነኝ፣ ጨዋታ ይመስለኛል። ያንተም ሊሰፋህ እንደሆነ ሳይ እጄ መርፌ አነሳ። ካላየሁት የሚቀር መሰለኝ።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቁጣው ግን የለም።

«ሱሪው አልሰፋ ሲለኝ የምሞት መስሎኝ ነበር እኮ» አላት።

«እኔ ደግሞ ሲሰፋህ።»

ከዚያ እሱ ተነስቶ ፊቷ ቆመ፤ ክንዶቹን እንደ ደንበኛ ወደ ጎን ዘረጋ። «በይ ለኪኝ።»

«ሜትሩ ሱቅ ነው ያለው።»

«ሜትር ምን ያደርግልሻል? ስታሰፊውስ በምን ለክተሽኝ ነበር?»

ከነእንባዋ ሳቀች። ተነስታ በሁለት ክንዶቿ ወገቡን ዞረችው። ለዓመታት ተንጠራርተው የማይገናኙት ጣቶቿ ከጀርባው ተገናኙ፣ ተቆላለፉ። አላመነችም። ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጥፋ ቆየች።

«ሆድህን አስገብተህ ነው» አለችው። «ተንፍስ እንጂ!»

«እየተነፈስኩ ነው እኮ» አላት።