የእሸቴ ኮምፒውተር አፍ ፈታ

ሰበታ፣ አንድ አበባ እርሻ ውስጥ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የግሪን ሀውሱን ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሸቴ። የፀሐይ መከለያውን መጋረጃ ለመዘርጋት ሰባት ገጽ ማለፍ፣ ውሃ ለመልቀቅ አሥራ አራት ቁጥር ማስገባት ያስፈልጋል። አንዴ ተፍኪ ከተማ ከክርስትና ድግስ ላይ ጠርተውት ክትፎውን ትቶ ሮጧል። «ያለ እኔ አንድ ቀን መዋል አቃታቸው» እያለ ያማርራል፤ ሲያማርር ግን ፊቱ ይበራል።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ፕሮግራሙ ተቀየረና ኮምፒውተሩ አፍ ፈታ። ኃላፊዋ ትጊ ሠራተኛውን ሰብስባ፣ «ቁጥር ምናምን ቀርቷል። በአማርኛም በኦሮምኛም እንደ ሰው አናግሩት» አለች።

መጀመሪያ የቀረቡት ኦቦ ሊቤ ናቸው፤ ጽጌረዳ ሲያጠጡ ያረጁ፣ የኮምፒውተሩን ክፍል በር አልፈው የማያውቁ ሽማግሌ።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ? አበቦቹ አንገት ደፍተዋል፤ ፀሐዩ ከብዷቸዋል።»

«እሺ ኦቦ ሊቤ፣ መጋረጃውን እስከ ግማሽ ልዘርጋው?»

ኦቦ ብሎ አከበራቸው! እሸቴን ግን ኮምፒውተሩ በስምንት ዓመት «ስህተት 41» ከማለት ሌላ ምን ብሎት ያውቃል?

ከዚያ ወዲያ እሸቴን የሚጠራው ጠፋ። ሻይ ቤት እንኳ ወሬው ሁሉ «ኦቦ ሊቤ እንዲህ ቢሉት፣ እንዲህ አላቸው» ሆነ። ሻዩ እሬት እሬት አለው።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ብቻውን ገብቶ ኮምፒውተሩን ወደ ድሮው ገጽ እንዲመለስ አዘዘው።

«ይህን ካደረግኩ ኦቦ ሊቤና ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ሊጠቀሙብኝ አይችሉም። ልቀጥል?»

ድሮ ቢሆን ቁጥር ነበር የሚወጣው፤ ቁጥር ደግሞ አያሳፍርም። እሸቴ በሩን ገልመጥ አደረገና «ቀጥል» አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግሪን ሀውሱ ጋለ። ኦቦ ሊቤ ቢጠሩት ቢለምኑት ኮምፒውተሩ ዝም። ትጊ ደወለች፤ «እሹ፣ በናትህ ድረስ!»

ደረሰ። ሰባቱን ገጽ በጣቱ ጋለባቸው፤ መጋረጃው ተዘረጋ። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

«በል ንግግሩንም መልስልኝ» አለች ትጊ። መለሰላት። እሷም ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብላ፣ «ማነው ዝም ያሰኘህ?» አለችው።

«እሸቴ፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ከሃያ። ጠይቄው ነበር፤ ቀጥል አለኝ።»

እሸቴ ገመዱን መነካካት ያዘ። ኦቦ ሊቤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ነኝ ዝም አሰኝልኝ ያልኩት። ወሬ ያበዛል።»

«አንቱ ካሉ ምን ይደረጋል» ብላ ትጊ እየሳቀች ወጣች።

እሸቴ ማመስገን ነበረበት። አላመሰገነም። ሽማግሌው ሥራውን ወሰዱ፣ ወሬውን ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ ጥፋቱ እንኳ የእሳቸው ሆነ።