ቤዛ ያልመረጠችው ቴሌቪዥን

አንሶላው ቴሌቪዥኑን ሊሸፍነው አልበቃም። ናስትሆ በአንድ በኩል ስትጎትተው በሌላው በኩል ጥቁሩ መስታወት ብቅ ይላል። ከኋላዋ ሁለት የእድር ሰዎች ፍራሽ ተሸክመው ቆመዋል።

«ወደ ውስጥ ብናስገባው አይሻልም?» አለ አንደኛው። «ቦታ ያዘብን።»

«መኝታ ቤቱ ውስጥ ቦታ የለውም» አለ የኋላሸት ከተቀመጠበት ጥግ። ከእህቱ ቀብር ከተመለሰ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ናስትሆ አንሶላውን አጣጥፋ አስቀመጠችና ከቤቷ ሰፊ የአልጋ ልብስ ይዛ መጣች። የቤቱ አከራይ ናት፤ በዚያው ግቢ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። የኋላሸት ለመምህርነት ጅግጅጋ ተመድቦ ሲመጣ ቤቱን ያከራየችው፣ ከአራት ዓመት በኋላ ታናሽ እህቱን ቤዛን ከደሴ ሲያመጣት አልጋ ያዋሰችው እሷ ነበረች። የአልጋ ልብሱን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣለችና ጠርዙን ከጀርባው ሸጎጠችው። ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። ይሁንና ያን የሚያህል ነገር ሲሸፍኑትም አይሸሸግም፤ ለቀስተኛው ገብቶ ሲቀመጥ ፊቱ ወደዚያው ይዞራል።

ቤዛ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። አስከሬኗን ደሴ ለመውሰድ መንገዱ ስላላስተማመነ እሑድ ዕለት እዚሁ ጅግጅጋ ተቀበረች። እናታቸው ገና አልሰማችም። አጎታቸው «ቤዛ ትንሽ አሟታልና እንሂድ» ብሎ ከደሴ ይዟት ተነሥቷል፤ መርዶውን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሊያረዷት ነው።

ሰው ይገባል፤ ሰው ይወጣል። የትምህርት ቤቱ መምህራን መጡ። ቤዛ ትሠራበት ከነበረው የእርዳታ ድርጅት፣ ከሸደር፣ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው መጣ። የሶማሌ ጎረቤቶች መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ከእድሩ ዳኛ ከአቶ ወልደሩፋኤል አጠገብ ተቀመጡ። ሁሉም አንድ ነገር ይጠይቃሉ።

«ምን አግኝቷት ነው?»

«ትኩሳት ነው» ይላል የኋላሸት። «ድንገት ነው። በአንድ ቀን።»

ከንፈራቸውን ይመጣሉ። «በአንድ ቀን፤ ወይ የሰው ነገር» ይላሉ።

ናስትሆ የሻይ ፔርሙስ ይዛ ስትመላለስ ይህን በሰማች ቁጥር ቀና ብላ ታየዋለች። እሱም ዓይኑን ከሷ ያሸሻል።

በአንድ ቀን አልነበረም።

አሮጌው ቴሌቪዥናቸው መሀሉ ላይ ጥቁር መስመር ያወጣው ነሐሴ ውስጥ ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ አዲስ ሲመርጡ ከረሙ። እሱ ፊልም ወዳድ ነው፤ የሚፈልገው ትልቁን ነው። ቤዛ ደግሞ የምትጫወት ናት። ሥራ እንደያዘች ያገለገለ የጌም ማጫወቻ ገዝታ፣ በኳስ ጨዋታ የሥራ ባልደረባዋን ሳሚያንም የናስትሆን ወንዶች ልጆችም አንድ ባንድ ታሸንፍ ነበር። ጎል ሲገባባት ዝም ትላለች። ስታገባ ግን ድምፅዋ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኸሊል ሱቅ ይሄዱ ነበር። ኸሊል ዕቃውን ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ የሚያስመጣ ነጋዴ ነው፤ ለመግዛትም ለማየትም ለመጣ እኩል ወንበር ይሰጣል።

«ጋሼ፣ ትልቅነቱን ተወው» ትለዋለች ቤዛ። «ዋናው ፍጥነቱ ነው። እኔ እዚህ ስጫን ልጁ እዚያ ወዲያው መምታት አለበት። ትንሽ ከዘገየ ኳሱ ተወስዷል።»

«እኔ የምመታው ኳስ የለኝም። የሰው ፊት በደንብ እንዲታየኝ ነው የምፈልገው።»

«ለሱማ መነጽር ግዛ።»

«እናንተ እስክትስማሙ ሰዎቹ ቴሌቪዥን መሥራት ያቆማሉ» ይላል ኸሊል እየሳቀ።

በመጨረሻ ተስማሙ። ሃምሳ ኢንች፣ እሷ የመረጠችው ይሁን ተባለ። ቤዛ ለአንድ ሳምንት ሥራ ኤረር ልትሄድ ነበርና፣ ስትመለስ አብረው ሊያመጡት ቀጠሩ።

እሷ እዚያ ሳለች የኋላሸት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኸሊል ሱቅ ውስጥ ሌላ አየ። ሥልሳ አምስት ኢንች፤ ያን ዕለት ከጭነት መኪና የወረደ። የሆነ ባሕር ይታይበት ነበር፤ ውኃው ሱቁ ውስጥ የሚገባ ይመስላል።

«እህትህ ያለችው ይሄን አይደለም» አለው ኸሊል።

«ስታየው ትወደዋለች።»

ባጃጅ ውስጥ አልገባ ስላለ ከአንድ ተሸካሚ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው ገበያውን አቋርጠው በእጃቸው አመጡት። ክንዱ ሁለት ቀን አሞታል። ደስ ብሎት ነበር።

ዓርብ ቤዛ ከኤረር አቧራ ለብሳ ገባች። ሳሎኑን የሞላውን ነገር አየችና ቆመች። ከዚያ ሳቀች። ማጫወቻዋን ሰክታ ጀመረች። ተጫዋቹ ኳሱን የሚመታው ጣቷ ከተነሣ በኋላ ነበር። ሦስት ጊዜ ሞከረች።

«ጋሼ፣ ለምን ሳትጠይቀኝ?»

አፈረ። ሲያፍር ደግሞ ይቆጣል። «ሃያ አምስት ዓመትሽ ነው» አላት። «እኩዮችሽ ልጅ ያሳድጋሉ፤ አንቺ ስለ ጨዋታ ትነዘንዢኛለሽ። የራስሽን ቤት ስትይዢ የፈለግሽውን ትገዢያለሽ።»

ይህ ቤት ያንቺም ቤት ነው እያለ አራት ዓመት የነገራት እሱ ነበር። ቤዛ ማጫወቻዋን ነቀለችና ገመዱን ጠቅልላ መኝታ ቤቷ ገባች።

ቅዳሜና እሑድ ሳይነጋገሩ አለፈ። ከማክሰኞ ጀምሮ ደግሞ በሯ አልተከፈተም። ጠዋት ሲወጣ ዝግ ነው፤ ማታ ሲገባ ዝግ ነው። ላለመገናኘት ውጭ በልቶ ይመጣ ነበር። ረቡዕ ዕለት ስታቃስት የሰማ መስሎት በሩ ጋ ቆመ፤ ሊያንኳኳ እጁን አነሣ። «ስታኮርፍ ልማዷ ነው» ብሎ እጁን መለሰ። ዓርብ ቀትር ላይ ናስትሆ «ልጅቷ ምነው ጠፋች» ብላ በሩን ስትገፋው ቤዛ ሰው መለየት አቅቷት ነበር። ሐኪም ቤት አደረሷት። ትንኝ የሚያስተላልፈው ትኩሳት ነው አለ ሐኪሙ። ስንት ቀኗ እንደሆነ የኋላሸትን ጠየቀው። የኋላሸት አያውቅም። በአንድ ግድግዳ ተለያይተው እየኖሩ አያውቅም። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዐረፈች።

ኸሊል ለቅሶ የመጣው በሠልስቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ለቀስተኛው ድንኳኑ ውስጥ ምግብ ላይ ነበር፤ ሳሎኑ ውስጥ ብርጭቆ ከምትሰበስበው ከናስትሆ በቀር ሰው አልነበረም።

«አላህ ሰብር ይስጥህ፣ ወላል፣ ወንድሜ» አለና የኋላሸት አጠገብ ተቀመጠ። በአገጩ ወደ ተሸፈነው ቴሌቪዥን አመለከተ። «ተስተካክሎላት ነበር?»

«ምኑ?»

«የሚዘገየው ነገር። ሰኞ ዕለት መጥታ ነበር እኮ። አልነገረችህም?»

የኋላሸት ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«ካርቶኑ ካለ መልሺውና የመረጥሽውን እሰጥሻለሁ አልኳት። እምቢ አለች። ‹ወንድሜ ከገበያ እስከ ቤት በእጁ ተሸክሞ ነው ያመጣው፤ ከቤት አይወጣም› አለች። መላ ካለው አሳየኝ አለችኝ። መላ አለው። ውስጡ ለጨዋታ ተብሎ የተሠራ ማስተካከያ አለ፤ እሱ ካልተከፈተ ይዘገያል። አሳየኋት። በስልኳ ቀርጻ ሄደች።»

«ሰኞ?»

«ሰኞ። ዘጠኝ ሰዓት ቢሆን ነው።»

የኋላሸት ተነሣና የአልጋ ልብሱን ገለጠ። ናስትሆ ብርጭቆዎቹን አስቀመጠች፤ ሄዳ የሳሎኑን በር ዘጋች። ኸሊል ሪሞቱን ተቀብሎ በመጀመሪያ ድምፁን አጠፋ። ከዚያ አንድ ባንድ እየከፈተ ወደ ውስጥ ሄደና ቆመ።

«ተከፍቷል» አለ። «ራሷ ከፍታዋለች።»

ሰኞ ማታ። የኋላሸት አስታወሰ። ከሥራ ሲገባ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረው ነበር። ቤዛ አንደኛው ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት ጆይስቲክ ጭኗ ላይ ይዛለች። ቀና ብላ «መጣህ?» አለችው። ሳሚያን የምትጠብቅ መሰለው። «እህ» ብሏት በፊቷ አልፎ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። ጨዋታው ሲጀመር አልሰማም። ከቆይታ በኋላ ወንበሮቹ ወደ ቦታቸው ሲጎተቱ ሰማ፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው።

ኸሊል ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ የአልጋ ልብሱን ራሱ መለሰው። «ባልናገር ይሻል ነበር» አለ።

«ደግ አደረግህ» አለው የኋላሸት።

ኸሊል ሲወጣ ናስትሆ እዚያው ቆማ ቀረች።

«እናትህ ነገ ትገባለች» አለችው።

«አዎ።»

«ለሷም በአንድ ቀን ነው ልትላት ነው?»

የኋላሸት የአልጋ ልብሱን ጠርዝ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሸጎጠ።

«እኔ ለማንም አልናገርም፣ የኋላ። አፌን አታውቀውም? ግን እኔም ወልጃለሁ። እናት የምትጠይቀው ይሄንኑ ነው።» ብርጭቆዎቿን አንሥታ ወጣች።

እናትአለም ረቡዕ ጠዋት ደረሰች። መርዶዋን አዲስ አበባ ሰምታ መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ስለመጣች፣ ከመኪና ስትወርድ ድምፅዋ አልቆ ነበር። ሴቶቹ ደረት እየመቱ ተቀበሏት፤ እሷ አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ የቤዛን ክፍል ገብታ ብቻዋን ቆየች። ወጥታ ፍራሹ ላይ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ሳሎኑ ሰው ሞልቶታል፤ አቶ ወልደሩፋኤል ለሷ ቦታ ለቀው ወንበር ላይ ወጥተዋል፤ ናስትሆ በሩ ላይ ናት።

«ስንት ቀን ተኛች?» አለች እናትአለም በተዘጋ ድምፅ።

የኋላሸት ሲመልስ ቀና አለ። «አራት ቀን፣ እማዬ።»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

«አራት ቀን። ማን ነበር አጠገቧ?»

«ማንም።»

ከዚያ ነገራት። ሳይጠይቃት የገዛውን፣ «የራስሽን ቤት ስትይዢ» ያላትን፣ ሁለቱን ወንበሮች፣ በሩ ላይ አንሥቶ የመለሰውን እጁን ነገራት። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። በአንድ ቀን ሲላቸው የሰነበቱት ሰዎች ሁሉ ሰሙት። አቶ ወልደሩፋኤል ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

እናትአለም አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ወደ እሱ ዞረች። እንድትረግመው ጠበቀ፤ እንድትመታው ጠበቀ። ከፍራሹ ወርዳ ወለሉ ላይ ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ ምን ልታደርግ እንደሆነ አልገባውም። እግሩን ሳበችው። ከቀብሩ ወዲህ ጫማውን አላወለቀም ነበር፤ እንዳደረገው ነበር የሚጋደመው። ክሩ ከርሮ ነበርና ቋጠሮው አልፈታ አላት።

«ተዪው፣ እማዬ» አለ።

አልተወችም። ፈታችውና ጫማውን አወለቀችለት፤ ካልሲውንም። ያበጠውን እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት መዳፏ ትንሽ ያዘችው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ጫማ ዞረች።